ወግ አጥባቂነት ከድሬዳዋ ሲታይ

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነው። ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣን ስልኩን አወጣና ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ አሜሪካዊ የፖለቲካ ተንታኝ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ጦር መሣሪያ እየተጣደፈ ያወራል። ከሥር የአማርኛ ትርጉም ይሮጣል።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ ወግ አጥባቂ ነኝ» አለኝ።

«ጥሩ። የትኛውን ወግ ነው የምታጠብቀው?»

ትንሽ አሰበና ስልኩን ከፍ አደረገው። «ይኼ የሚለውን ነዋ።»

ያን ዕለት በወጉ አልመለስኩለትም። ነገሩ በአንድ ብርጭቆ ሻይ አያልቅም። ስለዚህ እዚህ ልጻፍለት ብዬ ተነሣሁ፤ ለእሱም፣ እንደሱ ለሚጠይቁ ሁሉም። መጽሐፍና ፊልም ስለሚወድ በየመሐሉ የሚያነበውንና የሚያየውን እጠቁመዋለሁ።

«ወግ» ለእኛ የቤት ቃል ነው። ወግ ጨዋታ ነው፤ ወግ ሥርዓት ነው። ልጃችን ለወግ ለማዕረግ ሲበቃ እልል እንላለን። ሙሽራ ስታነባ «ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ» እንላለን። ታዲያ «አጥባቂ» ሲጨመርበት ለምን ስድብ ይመስላል? ነገሩ የመጣው ከታሪካችን ነው። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ሰውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ «ተራማጅ»፣ ሌላው «አድኃሪ»። በአብዮቱ ዘመን አድኃሪ መባል ሥራ ያሳጣ ነበር፤ ሲብስም ነፍስ ያስከፍል ነበር። ወግ አጥባቂውም ከአድኃሪው ጋር በአንድ ገመድ ታሰረ። እስካሁን አልተፈታም።

ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። አድኃሪ ወደ ኋላ መመለስ ይፈልጋል። ያለፈው ዘመን ገነት ይመስለዋል። ወግ አጥባቂ የሚነሣው ዛሬ ከቆመው ነገር ነው። ይህ ቤት ቆሟል፣ ሰው ይኖርበታል፣ ከመንካቴ በፊት ምን ደግፎ እንደያዘው ልወቅ ይላል። መለወጥን አይከለክልም። የማስረዳቱን ሸክም ግን «ይፍረስ» በሚለው ሰው ላይ ያደርገዋል። እኔ እስከገባኝ ድረስ የነገሩ እምብርት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ሐረር ነው። ጀጎል ውስጥ የአንድ ወዳጄ አሮጌ ቤት ግድግዳ ሲጠገን ቆሜ አየሁ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። ወዳጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት «ይጠንክርልኝ፣ ይመርልኝም» ብሎ በሲሚንቶ አስለስኖት ነበር። መጀመሪያ አማረ። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ልስኑ ሆዱ ተነፋ። ግንበኛው በመዶሻው ጫፍ መታ መታ ሲያደርገው የባዶ ቤት ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ሳህን የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ወደቀ። ከጀርባው ያለው ጭቃ ርሶ እንደ ገንፎ ለስልሷል። ጣቴን ሰደድኩበት። ገባ።

«ግንቡ መተንፈስ አለበት» አለ ግንበኛው። ከመሠረት የሚወጣው እርጥበት በድሮው ልስን በኩል ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው አፈነው። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ጭቃውን በላው። የድሮው ልስን በየጊዜው መታደስ ስላለበት የድህነት ሥራ ይመስል ነበር። ለካ ሥራ ነበረው። ሥራውን ያወቅነው ካነሣነው በኋላ ነው።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቼስተርተን በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በአጥር ምሳሌ አስረድቶታል። መንገድ ላይ አጥር ታገኛለህ። አንዱ ይመጣና «ይህ ምን እንደሚጠቅም አይታየኝም፣ እናንሣው» ይላል። አስተዋዩ እንዲህ ይመልሳል፦ ጥቅሙ ካልታየህማ እንድታነሣው አልፈቅድልህም። ሂድና አስብ። ለምን እንደታጠረ ተረድተህ ስትመጣ ያን ጊዜ ምናልባት እፈቅድልህ ይሆናል። ልብ በሉ፤ «አጥሩ ለዘላለም ይኑር» አላለም። ማወቅ ይቅደም ነው ያለው።

የዚህ አስተሳሰብ አባት ተብሎ የሚጠራው ኤድመንድ በርክ ነው። ደብሊን ተወልዶ በለንደን ፓርላማ ያገለገለ ሰው ነው። የፈረንሣይ አብዮት በፈነዳ በዓመቱ፣ በ1790 እ.ኤ.አ.፣ ስለዚሁ አብዮት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ምዕራፍ የለውም፤ አንባቢን ያደክማል። ቢሆንም ሦስት ነገር ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አንደኛው፣ ማኅበረሰብ በሕያዋን መካከል ብቻ የተደረገ ስምምነት እንዳልሆነ ነው። የሞቱትም፣ ገና ያልተወለዱትም ባለድርሻ ናቸው። ሁለተኛው፣ የአንድ ሰው ማስተዋል ትንሽ ጥሪት እንደሆነ ነው። ብቻውን ከሚነግድባት የዘመናትን የጋራ ተቀማጭ ቢጠቀም ይሻለዋል ይላል። እንደ እቁብ አስቡት።

ሦስተኛው ትንቢት የሚመስል ነው። ሥርዓቱን ሁሉ ከሥሩ ከነቀላችሁ በመጨረሻ የሚገዛችሁ ወታደሩን በእጁ ያስገባ ጄኔራል ነው አለ። በርክ በ1797 ሞተ። ናፖሊዮን ሥልጣን የያዘው በ1799 ነው። የ1966ን አብዮትና ከኋላው የመጣውን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ገጽ ገልጦ ማለፍ ይከብደዋል።

በርክን የነገሥታት አሽከር አድርገው የሚያዩት አሉ። አልነበረም። የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በግብር ሲማረሩ ከእነሱ ጎን ቆሟል። የእንግሊዝ ኩባንያ ሕንድን ሲዘርፍ የኩባንያውን ሹም ዋረን ሄስቲንግስን ለዓመታት ፓርላማ ፊት ከስሷል። ራሱን የሚያሻሽልበት መንገድ የሌለው መንግሥት ራሱን የሚያቆይበትም መንገድ የለውም ያለው እሱ ነው።

የወረሱት እውቀት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ድሬ በእንባ ታውቀዋለች። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ለአዲስ መጪ ባዶ መሬት ነው። የቆየ ሰው ግን ተራራው ላይ ዝናብ ሲጠቁር አሸዋው ላይ አይተኛም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በነሐሴ ዋዜማ፣ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ይህን የማነሣው የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም። ድሃ የሚያገኘው ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። ለማለት የፈለግኩት፣ አንዳንድ እውቀት በካርታ ላይ አይገኝም፤ በሽማግሌ አፍ ውስጥ ነው ያለው። በዚያው ክረምት ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ጋ ደስታ፣ አንዱ ጋ ለቅሶ ነበር።

ይህን የማይጻፍ እውቀት ለማጥናት አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ስኮት በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ እመክራለሁ። መንግሥታት ሕዝብን ከላይ ሆነው በማስመሪያ ሊያስተካክሉ ሲነሡ ምን እንደሚደርስ ያሳያል። ስኮት ራሱ ወግ አጥባቂ አልነበረም፤ እንዲያውም መንግሥት አያስፈልግም ወደሚሉት አናርኪስቶች ያዘነብል ነበር። መጽሐፉ ስለ ታንዛኒያ መንደር ምሥረታ በሚያትትበት ክፍል የእኛንም ያነሣል። ደርግ መንደር ምሥረታን በስፋት የጀመረባት ሐረርጌ ናት፣ በ1977 ዓ.ም.። ቤቶቹ በቀጥታ መስመር ተደረደሩ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ገበሬው ግን ከማሳው ራቀ፤ ጫቱንና ማሽላውን ከሌባም ከዝንጀሮም የሚጠብቀው በምን ዓይኑ ነው?

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። አሜሪካኖቹ «ወግ አጥባቂ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። ሦስት ገመድ አንድ ላይ ገምደዋል። አንደኛው ሃይማኖትና ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ነጻ ገበያና ቀላል ግብር ነው። ሦስተኛው ኮሚኒዝምን መዋጋት ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. ዊሊያም በክሊ የተባለ ጋዜጠኛ ናሽናል ሪቪው የሚባል መጽሔት መሠረተ። እነዚህ የማይዋደዱ ወገኖች በዚያ መጽሔት ዙሪያ ተሰባሰቡ። ሮናልድ ሬገን በ1981 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ገመዱ በጣም ጠብቆ ነበር።

ግን እስቲ አስቡት። ገበያ ወግን ይጠብቃል? ሱቅ በእሑድ የሚያስከፍተው ማነው? ልጅን ከወላጁ ነጥቆ ሌላ ከተማ የሚወስደው ሥራ ከየት ይመጣል? ነጻ ገበያ አሮጌን በማፍረስ የሚተካከለው የለም። ሁለቱን አብሮ ያቆያቸው የጋራ ጠላት ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ገመዱ መላላት ጀመረ። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ ሲመረጡ የድሮውን የነጻ ንግድ አቋም ትተው ቀረጥ ይጨመር አሉ። ተንታኞቹ ዛሬ እርስ በርስ የሚጯጯሁት ለዚህ ነው። ሁሉም «ወግ አጥባቂ» ነን ይላሉ። እያንዳንዱ የያዘው ክር ግን ሌላ ነው።

የጦር መሣሪያውም ነገር እንዲሁ ነው። የእነሱ ሕገ መንግሥት በ1787 ተረቀቀ፤ መሣሪያ የመያዝ መብትን የሚያጸናው ማሻሻያ በ1791 ጸደቀ። አሜሪካዊው ወግ አጥባቂ እሱን ሲጠብቅ የአያቶቹን ውል እየጠበቀ ነው። እንግሊዛዊው ንጉሡንና ፓርላማውን ይጠብቃል። ለእህቴ ልጅ ልነግረው የፈለግኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ልጄ፣ ተራማጅነት ከውጭ ሊገባ ይችላል። ማርክስን በትርጉም አንብበን አስገብተነዋል። ወግ አጥባቂነት ግን በጉምሩክም በኮንትሮባንድም አይገባም። የሌላውን አገር ወግ ይዘህ የምታጠብቅ ከሆነ አዲስ ነገር እያስገባህ ነው። ያም መብትህ ነው። ስሙ ግን ሌላ ነው።

እኛ ጋ የሚጠበቅ ምን አለ? ሞልቷል። አፎቻን ውሰዱ። የሐረሪ ሰዎች ለለቅሶና ለሠርግ የሚደራጁበት ማኅበር ነው። የሴቶች አለ፤ የወንዶች አለ። ሰው ሲሞት አባላቱ ይመጣሉ፣ ያዘጋጃሉ፣ ቤቱን ብቻውን አይተዉትም። እዚህ ድሬ እድራችን ያንኑ ይሠራል። አንድ ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። የእድሩ ጥሩንባ ከመነፋቱ ድንኳኑ ተተከለ። አግዳሚው መጣ፤ ብረት ድስቱ መጣ። ልጆቻቸው ጂዳና ጅቡቲ ነበሩ። እስኪደርሱ ድረስ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ጠበቃቸው። በርክ አንድ ሰው አገሩን መውደድ የሚጀምረው ከምትቀርበው ከትንሿ ማኅበሩ ነው ይላል። እኛ እድር ስለምንከፍል በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይገባናል።

«ድሬ ራሷ የአዲስ ነገር ልጅ አይደለችም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ናት። ባቡሩ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ ከሥር ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰና ከተማ ሆነ። መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። በመቶ ሃያ ዓመት ውስጥ ግን የራሷን ወግ አበጀች። ከፊራ ገበያ ግቡና አንዲት ነጋዴ ቆማችሁ ስሟት። ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለአንዱ በሶማሊኛ፣ ለእናንተ በአማርኛ ትመልሳለች። ይህን ያወጣ አዋጅ የለም። ሰው ተዋውሎበት አይደለም። ኖሮበት ነው። ማንም ቢሮ ቁጭ ብሎ ሊሠራው አይችልም። ሊያበላሸው ግን በአንድ ወር ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

አሁን ከባዱን ጥያቄ ልጋፈጥ። መጥፎ ወግስ? በእኛ በምሥራቁ የሴት ልጅ ግርዛት ወግ ነበር። ባሪያ ንግድም ሐረር ውስጥ የቆየ ነበር። «ጥቅሙን ሳታውቅ አታንሣ» የሚለው ምክር እዚህ ምን ይላል? ወግ አጥባቂዎች ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሸሹታል። መሸሽ የለባቸውም። የእኔ መመዘኛ አንድ ነው። የወጉን ዋጋ የሚከፍለው ማነው? እድር የሚያዋጣው ሰው እድር ይቀብረዋል። የተገረዘችው ሕፃን ግን ማንም ሳይጠይቃት ነው የከፈለችው። ዋጋውን የሚከፍለው አንዱ፣ የሚወስነው ሌላው ከሆነ ያ ወግ ወግ ስለሆነ ብቻ ሊከበር አይገባውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግርዛትን ወንጀል ሲያደርግ ደግ አደረገ።

ለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና አንብቡ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ነው። ሁሉም የበዛብህንና የሰብለን ፍቅር ያስታውሳል። እኔ ጉዱ ካሣ ጋ ቁሙ እላለሁ። ዘመዶቹ እብድ ያሉት፣ የባላባቱን ወግ ፊት ለፊት የሚሞግት ሰው ነው። ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ሁሉ ጉዱ ካሣን ሳይመልስ ማለፍ የለበትም። ፊታውራሪ መሸሻን ደግሞ በደንብ እዩዋቸው። ወግ ከሥራው ተለይቶ ኩራት ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያሳያሉ።

እነ ፊታውራሪ መሸሻ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አልነበሩም። በንጉሡ ዘመን የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ገብቶ ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። ባለመሬቶቹ ወጋቸውን የጠበቁ መሰላቸው። በየካቲት 1967 መሬቱ ሁሉ በአንድ አዋጅ ሄደ። ጭሰኛው ነጻ ወጣ፤ ይህ ፍትሕ ነበር፣ የዘገየ ፍትሕ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ። የዚያን ውጤት ድሬ ውስጥ ዛሬም በእግራችሁ እየዞራችሁ ታዩታላችሁ። ቆርቆሮው የዛገ፣ በረንዳው የተሰነጠቀ የቀበሌ ቤት። ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ብሎ አይጠግነውም። አከራዩ መሥሪያ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ የልጅ ልጅ የለውም።

ሁለት ፊልሞች ከዚህ ጋር ይሄዳሉ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው፤ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር ጀርመን ተምሮ ይመጣል። አገሩን በመጽሐፍ ሊያድን የተነሣ ትውልድ ምን እንደደረሰበት በእሱ ገላ ላይ ታያላችሁ። ፊልሙ የድሮውን ሥርዓት አያሞግስም፤ የምወደውም ለዚያ ነው። ሁለተኛው የጣሊያናዊው ቪስኮንቲ «ነብሩ» ነው፣ የ1963። የላምፔዱዛ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ዘመኑ 1860፣ ቦታው ሲሲሊ፤ ጣሊያንን አንድ ለማድረግ የተነሣው የጋሪባልዲ ጦር ደርሷል። የባለታሪኩ የልዑሉ የእህት ልጅ የሆነው ወጣት፣ ሁሉ ነገር እንዳለ እንዲቆይ ሁሉም ነገር መለወጥ አለበት ይላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጥበብ ይጠቅሰዋል። እኔ ብልጣብልጥነት ነው የምለው። ሥልጣን ይዞ ለመቆየት ቀለም መቀየር ወግ መጠበቅ አይደለም። የመጨረሻውን የዳንስ ምሽት ግን እንዳታሳልፉት። ልዑሉ ላቡን እየጠረገ በክፍሎቹ ውስጥ ብቻውን ሲዞር ዘመኑ እንዳለቀ ያውቃል።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን አንድም የፖለቲካ ንግግር የለበትም። የጃፓናዊው ኦዙ «የቶኪዮ ታሪክ» ነው፣ የ1953። ሁለት ሽማግሌ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ ከተማ ተነሥተው ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። ሥራ በዝቶባቸዋል እንጂ። ወላጆቹን ገንዘብ አዋጥተው ወደ መዝናኛ ከተማ ይሰዷቸዋል። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ጫጫታ ነው፤ አይተኙም። ጠዋት የባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሊሄዱ ሲነሡ አሮጊቷ ይንገዳገዳሉ።

ይህን ፊልም ቤታችን አይተነዋል። ማታ ነበር፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ ሙቀቱ አልበርድ ብሎ። የእህቴ ልጅም ነበረ። እናቴ የጃፓንን ቋንቋ አታውቅ፣ የታችኛውን ጽሑፍ ያለ መነጽር አታነብ። ዝም ብላ ታያለች። ግንቡ ላይ ሲደርስ «ልጆቹ ለምን አብረው አልመጡም?» አለች።

«ሥራ ላይ ናቸው፣ እማዬ።»

ከዚያ ቀደም ብሎም ኖሪኮ የምትባለው ወጣት ሽማግሌዎቹን ከተማውን ስታስጎበኝ፣ ጠባቧ ቤቷ ወስዳ መጠጥ ስትቀዳላቸው እናቴ ጠጋ ብላ አይታ ነበር። «ይቺስ የትኛዋ ልጃቸው ናት?»

«ልጃቸው አይደለችም። ምራታቸው ናት። ባሏ በጦርነቱ ነው የሞተው።»

«ታዲያ ልጃቸውማ እሷ ናት» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ማየቷን ቀጠለች።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ከራት በፊት ብትጀምሩት ይሻላል።